መስኮት ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ልጅ

ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን የልብስ ሰፊው አማት የሱቁን በር ወለል አድርገው ይከፍቱና ደረጃው ላይ ይቆማሉ። ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ መንገዱን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ይሰፍራሉ። ከዚያ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ፣ ቃላቸውን ረገጥ አድርገው፣

«ልጅቷ ዛሬም ሳታለቅስ ነጋላት» ይላሉ።

አዋጁ ይኸው ነው። አንድ ቃል አይጨመርበትም። ግድግዳ የሚጋራቸው ፀጉር አስተካካይ መጥረጊያውን ገታ አድርጎ «ተመስገን» ይላል። ከማዶ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጠው ሴት እንዲህ ያለ ልጅ ለእኔም በሰጠኝ ትላለች፤ የራሷ ሦስት ልጆች ሲያለቅሱ መንገዱ ሁሉ ያውቃቸዋል። አማትየው ራሳቸውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርገው ይገባሉ፤ የመንገዱም ሥራ ያን ጊዜ ይጀመራል። ሰፈሩ «እማማ አዋጅ» የሚላቸው በዚህ ነው። ስሙን ያወጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን እንደማያውቁ ሆነው ይኖራሉ። በዚያ ቤት እንደማያውቁ ሆኖ መኖር ቀላል ሙያ አልነበረም።

አዋጁ ሲነገር ሰፊው ሁልጊዜ ስፌት መኪናው ላይ ነው። ክር መርፌው ውስጥ ለማስገባት የሚያጎነብሰው በዚያች ደቂቃ ነው። ክሩ ገብቶ እንደሆነ አውጥቶ እንደገና ያስገባዋል።

ነገሩ የተጀመረው በፀሐይ ነው። ልጅቷ ስትወለድ መልኳ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። ያዋለዱት ሰዎች ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቋት፣ ይለቃታል ብለው አሰናበቷቸው። ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ያለ አንድ ክፍልና ጠባብ ጓዳ ነው፤ ፀሐይ ደፍራ የምትገባው በሱቁ የመስታወት መስኮት ብቻ ነው። መስኮቱ ደግሞ ሥራ አለበት። ሰፊው የልጆች ልብስ ይሰፋል፤ የሰፋውን ፊታቸው የተቀባ አራት አሻንጉሊቶች ለብሰው እዚያ ተቀምጠው መንገደኛውን ያያሉ። አማትየው አንዷን አሻንጉሊት አንስተው ከጓዳው በር ጀርባ አስደገፏትና በቦታዋ ትራስ አነጠፉ። ልጅቷን ጋደም አደረጓት። ለአንድ ሰዓት ነበር።

ቢጫው አልለቀቀም፤ አንዱ ሰዓት ሁለት ሆነ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ገብታ፣ ያችኛዋ የለበሰችውን ቀሚስ እፈልጋለሁ አለች፤ ቀጥላም አሻንጉሊቷ ራሷ ትሸጥ እንደሆነ ጠየቀች። እንዲህ ሰው የምትመስል አይቼ አላውቅም እያለች ጉንጯን በጣቷ ነካ አደረገች። አሻንጉሊቷ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ በጣም በዝግታ፣ ልትተወው አስባ መልሳ እንዳዘነችላት ሁሉ። ሴትየዋ ሦስት ቀሚስ ገዝታ ወጣች። ከሦስቱ ሁለቱ ለማን እንደሚሆኑ ያሰበችም አትመስልም።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት መስኮት ላይ ዋለች። ገበያው ደራ። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ያያታል፤ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት ይላል። ጨዋዬ የሚል የቁልምጫ ስምም ወጣላት። የትምህርት ቤት ልጆች በመጀመሪያው ሰሞን መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን እየደፈጠጡ ሊያስቋት ይሞክሩ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ያ ቀረ። አሁን ሱቁ ጋ ሲደርሱ ወሬያቸውን አቋርጠው በማዶ በኩል ያልፋሉ። ምን እንደታያቸው የጠየቃቸው የለም፤ ትልልቆቹም ቢሆኑ አንድ ጊዜ ካዩ በኋላ ሁለተኛ ሲያልፉ የሚያመሰግኗት ወደ መስኮቱ ሳይዞሩ ነበር።

ሰፊ ሰው የሚያምነው ሜትሩን ነው። አፍ ይዋሻል፣ ሆድም ሲለኩት ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሜትር ግን ያየውን ይናገራል። ሰፊው በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሚስቱ ጓዳ ስትገባ፣ አዲስ ልብስ ሊቆርጥላት እንደሆነ አስመስሎ ልጁን ይለካ ነበር። ከራስ እስከ ተረከዝ፣ ደረት፣ የራስ ዙሪያ። ቁጥሩን የትም አይጽፈውም፤ አይረሳውምና። ሜትሩ በየቀኑ ያንኑ ይነግረዋል። እግሯ ፀሐይ ላይ ውሎ ጥላ ውስጥ እንደከረመ መቀስ ይቀዘቅዛል። እምብርቷ እንደ ኮት ቁልፍ ወጣ ብሏል፤ የምላሷ ጫፍ ከከንፈሯ ውጭ ነው። አልፎ አልፎ ድምፅ ታወጣለች፤ ሻካራና ወፍራም፣ የሕፃን የማይመስል። መጀመሪያ የሰማ ቀን ሰፊው ቀና ብሎ፣ ይግቡ አባቴ፣ አለ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ስልኩ የተደወለው በተወለደች በአሥረኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ተረከዟን ወግተው ጥቂት ጠብታ ደም ወፍራም ወረቀት ላይ አንጠብጥበው ነበር፤ ለሁሉም ልጅ የሚደረግ ነው ስለተባለ ማንም ልብ አላለውም። የደወለችው ከሕክምና ጣቢያው ክፍል ሰባት ያለችው ነርስ ናት። በልጅቷ አንገት ውስጥ ያለችው ታይሮይድ የምትባል ዕጢ ሥራዋን አልጀመረችም አለችው። ሰፊው እሺ አለ። ዕጢዋ የምትሰጠውን ነገር በኪኒን እንተካለን፣ በቀን አንድ ጊዜ ተፈጭቶ በማንኪያ ነው፣ ነገ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ አለችው። እሺ አለ። ከዚያ ነርሷ ድምፅዋን ዝግ አድርጋ፣

«ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም» አለች። «ሁለተኛው ሳምንት ሳያልፍ መጀመር አለባት። አካሏ ቢዘገይ ይደርሳል። አእምሮዋ ያለፈውን አይመልስም።»

እሺ አለ፤ ስልኩን ዘጋ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ደንበኛ ናት፣ ስለ ኪስ ነው፣ አላት።

ነርሷ የነገረችውን እሱ ከእሷ በላይ ያውቀዋል። እሷ ከመጽሐፍ ነው፤ እሱ ከደጃፍ። በአራት ዓመት የምትበልጠው እህት አለችው። ስድስት ዓመት ሲሞላው በቁመት አልፏት ሄደ። እናታቸው እስከ ዛሬ ድረስ፣ እህትህን እንደ ውኃ ነው ያሳደግኋት፣ አልቅሳ አታውቅም፣ ብላ ትኮራለች። በአራት ዓመቷ ቆመች፤ በሰባት ዓመቷ እማ አለች። አሁን አርባ ሊሞላት ነው፤ ቁመቷ የትምህርት ቤት ልጅ ያህል ነው፤ ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ እናታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀልድ ሲነገር ሁሉም ስቆ ሲበተን እሷ ያን ጊዜ ትስቃለች፤ ብቻዋን፣ ከልቧ። ሰፊው ይወዳታል። ሲያገባ ግን አማቱ ዘር ሲጠይቁ፣ ለእናቴ አንድ ነኝ ብሎ ነበር። አንድ ጊዜ ከአፉ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነበር።

አሁን ክፍል ሰባት ቢሄድ በዘር ውስጥ ማን አለ ብለው ይጠይቁታል። ሚስቱ ትሰማለች፤ አማቱ ይሰማሉ፤ አማቱ ከሰሙ ደረጃው ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ነገ አለ። በማግስቱም ነገ አለ። ሁለተኛው ሳምንት አለፈ። ከዚያ ወዲያ ነገን ለመግፋት ሌላ ምክንያት አገኘ፤ ካለፈ በኋላ መሄድ ምን ይረባል። ልጁን ሲለካም ለራሱ አንድ ነገር ይነግረው ነበር፤ እስካሁን የሚጠፋ ሰው የለም፣ ገና አልመጣችም፣ ያልመጣ ሰው አይጠፋም።

በሃያ አራተኛው ቀን ሜትሩ ተንቀሳቀሰ።

ግማሽ ጣት ነበር። ተሳስቻለሁ ብሎ ደገመው። በማግስቱ እግሯን ሲነካ ሞቀው፤ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሳበ። በሦስተኛው ቀን የምላሷ ጫፍ ገብቶ ነበር። ሰው ያየውን ጥሩ ነገር መጠራጠር የሚጀምረው ጥሩ ነገር ሊመጣ የማይችልበትን ምክንያት ሲያውቅ ነው። ሰፊው ያውቅ ነበር። ለልጅቷ ማንም ምንም አልሰጣትም። ታዲያ ምን ገባባት?

ከዚያ ማንኪያውን አገኘ። ትንሽ የሻይ ማንኪያ ናት፤ የክር ሳጥን ከተቀመጠበት መደርደሪያ ጀርባ ተሸጉጣለች፤ ጠርዟ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። የጨርቅ ጠመኔ መሰለው። በምላሱ ነካው፤ ጠመኔ አይደለም፣ ስኳርም አይደለም። መልሶ በነበረችበት አስቀመጣት። ከሰዓት በኋላ አማቱ መደርደሪያውን ሲያጸዱ ማንኪያዋን አገኙ፤ ግራና ቀኝ አዩ፤ በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉና ያለ አንድ ቃል እዚያው መልሰው ሸጎጧት። ሰፊው መኪናው ላይ እንዳቀረቀረ በመስታወቱ ነጸብራቅ አያቸው። የአሮጊቷ እጅ አለበት አለ በልቡ። ምን እንደሆነ ግን ለመጠየቅ ድፍረት አጣ፤ የሚጠይቅ ሰው ይጠየቃልና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ሦስቱ ሰዎች የሚተላለፉት ጥላ ለጥላ ሆነ። አንዱ ሲገባ ሌላው የሚሠራውን ያቆማል። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ከመንጋቱ ጋር ልጅቷን ይዛ ጓዳ ትገባለች፤ አንድ ነገር በሴራሚክ ላይ ሲፋቅ ይሰማል፤ ይቆማል። አማትየው ሻይ አፍልተው ሦስት ስኒ ይቀዱና ወሬ ሳይጀምሩ ያነሱታል። ሦስቱም ልጅቷን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ። እሷ ፈገግ አትልም፤ ግን ማየት ጀምራለች።

አንድ ጠዋት ልጅቷ አለቀሰች። ጩኸቱ ረጅም ነበር፤ ቀጭንና ንዴት ያለበት፣ እንደማንኛውም የተራበ ልጅ። ሚስቱ ሮጣ በጡቷ አፈነችው። ሰፊው በጆሮው ሰምቷል፤ ግድግዳ የሚጋራው ፀጉር አስተካካይም ሳይሰማ አልቀረም፤ መንገድ ጠራጊዋ ቀና ብላ አይታለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ወለል አለ። ሻሽ ተስተካከለ፤ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ልጅቷ ዛሬም ሳታለቅስ ነጋላት።»

«ተመስገን» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ድምፁ ትንሽ ሰለል ያለ ነበር።

ሰፊው ክሩን አወጣና እንደገና ሊያስገባ ሞከረ። ክሩ ቀዳዳውን ስቶ አለፈ። ሰዎቹ ሁሉ አብደዋል ወይም እሱ ብቻውን የሌለ ለቅሶ ሰምቷል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ማሰብ አልፈለገም።

በአርባ አንደኛው ቀን ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ሰፊው ብቻውን ነበር። ሚስቱ ጓዳ ታጥባለች፤ አማቱ ማዶ ደብተር ሻጯ ጋ ወሬ ላይ ናቸው። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ የሸሚዝ ኮሌታ እየቆረጠ ሳለ ማጅራቱ ላይ አንድ ነገር ተሰማው። ነፋስ አይደለም፤ ድምፅም አይደለም። ዓይን ነው። ሰው በጀርባው ሲታይ እንዴት እንደሚያውቅ የሚያስረዳ የለም፤ ግን ያውቃል።

ዞረ። ሦስቱ አሻንጉሊቶች እንደ ወትሮው መንገዱን ያያሉ። አራተኛዋ እሱን ታያለች።

አንገቷን ከትራሱ ላይ አዙራ ነበር። ፊቷን ከፀሐይ ወደ ጨለማው ሱቅ መልሳ፣ ዓይኗን ፊቱ ላይ ተክላ ታየዋለች። ወደ ግራ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ዓይኗ ተከተለው። ወደ ቀኝ ሄደ፤ ዘግየት ብላ መጣች። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚፈራ። ውስጧ ሰው አለ። ያልመጣች ሲላት የነበረችው መጥታለች፤ መጥታም እየጠበቀችው ነው፤ ምን ስትሠራ ነበር እስካሁን የምትለው ይመስላል። እህቱም እንዲህ ያየችበት ቀን ሳይኖር አይቀርም። ያን ቀን የዞረ ሰው አልነበረም።

የመጣ ሰው ይጠፋል።

ሰው በተሸበረ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ሲያስበው ያፍርበታል። ሰፊው ከጓዳው በር ጀርባ ያቺን አሻንጉሊት አነሳ፤ የልጅቷን ቀሚስ አውልቆ አለበሳት፤ ኮፍያዋን ግንባሯ ድረስ ሳበላት፤ ትራሱ ላይ አጋደማት። ልጁን በኮት ገበር ጠቀለላትና ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንደሚባለው፣ መንገዱን በሙሉ ጎንበስ ብሎ ነው ያለፈው። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ አንገት ላይ ምላጭ ይዞ በመስታወቱ ውስጥ አየው፤ አንገቱን አላዞረም።

ታክሲው ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩና፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት አሉ።

«ጨዋ አይደለችም እናቴ» አለ ሰፊው። «ታማለች።»

ቃሉን ጮክ ብሎ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው። ታክሲው እንደ በፊቱ ሄደ። ማንም አልወረደም።

የሕክምና ጣቢያው ኮሪደር ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ነጭ የተቀባ ነው፤ በመካከሉ ያለው መስመር እስከ ክፍል ሰባት ያደርሳል። በሩን አንኳኳ። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ነርስ ከወረቀቷ ቀና አለች፤ እሱን አላየችውም፤ ጨርቁ ውስጥ ያለችውን አየች። ፊቷ በራ።

«መጣሽ?» አለቻት። «ቀጠሮሽ እኮ ሐሙስ ነው።»

ሰፊው ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሌላ ልጅ የያዘ ሰው አልነበረም። ነርሷ ተነስታ ልጅቷን ከእጁ ወሰደች፤ አያያዟ የለመደ ሰው ነበር፤ ልጅቷም አላጉረመረመችም። ነርሷን አየቻት፤ የምታውቃት ትመስላለች። ለቅጽበት ሰፊው በሕይወቱ ረግጦት የማያውቀው ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው እርስ በርሱ የሚተዋወቅ፣ እሱ ብቻ ባዳ የሆነ መሰለው።

አባቷ እንደሆነ ነገራት። ነርሷ መነጽሯን አደረገችና ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችው።

«እሺ፣ እሺ፣ እሺ ያልከው አንተ ነህ» አለች።

ወንበር አልሰጠችውም፤ እሱም ለመቀመጥ አላሰበም። አርባ አንድ ቀን ሞልቷታል አላት፤ ከዚያ የቀረውን ጠየቀ።

«ዘግይቷል?»

ነርሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ትልቁን መዝገብ ገለጠች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደችና ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ የመኪና ታሪፍ እንደሚያነብ ሰው ነበር።

«አሥረኛው ቀን፣ ጠዋት። የአባት ስልክ ተይዟል። በካርዱ ላይ ያለው ሌላ ቁጥር፤ ጎረቤት፣ ፀጉር አስተካካይ፤ ለቤቱ ትልቅ ሰው እነግራለሁ ብሏል። አሥረኛው ቀን፣ ከሰዓት። አባት፤ እሺ ብሏል።» ቀና ብላ አየችው፤ ወደ መዝገቡ ተመለሰች። «አሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሰዓት። አባት አልመጣም። እናት። ከደወልኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጇን ይዛ መጥታለች። ደም ተወስዷል። ኪኒን በዕለቱ ተጀምሯል።»

ሰፊው ያን ጊዜ ተቀመጠ። ወንበር ይኑር አይኑር ሳያይ ነው የተቀመጠው፤ ደግነቱ ነበረ።

ሠላሳ ቀን ወስዳለች አለችው ነርሷ። ደሟ እየተስተካከለ ነው፣ አልዘገየችም፤ ካላቋረጣችሁ እንደ እኩዮቿ ትቆማለች፣ ትናገራለች፣ ታስቸግራችኋለች። ኪኒኑ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ሰፊው ግማሹን ነው የሰማው። ማንኪያዋ፣ ጠዋት ጠዋት ጓዳ ውስጥ የሚፋቀው ነገር፣ የሞቀው እግር፣ አንድ በአንድ እየመጡ ፊቱ ቆሙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ይሰማ ነበር፤ ዓይንም እንደዚያው መሆኑን የነገረው አልነበረም። ለምን ደበቀችኝ አለ፣ ለነርሷ ይሁን ለራሱ ሳይለይ።

ነርሷ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ዝቅ አለች።

«በቤተሰብ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት። የአባት እህት።»

ሰፊው ዓይኑን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት አነሳ።

«እናቲቱ አይቻት አላውቅም አለችኝ። ታዲያ በምን አወቅሽ ስላት፣ ልኳን አውቀዋለሁ አለች» አለችው ነርሷ። «ስድስት ቀሚሷን ዘምዝሜያለሁ አለች። ርዝመቱ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ደረቱ የአዋቂ ሴት፣ አንገቱ ሰፊ። ይህን የሚያህል ማስረጃ ከሐኪምም አላገኝ። የደበቀህ የለም፤ አንተ እስክትነግራት ነው የጠበቀችህ መሰለኝ።»

ሰፊው በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ለእህቱ አንድ ቀሚስ ይሰፋል። ከሩቅ የምታዝ ደንበኛ ናት ይላል፤ ክፍያውን ከየት እንደምትልክ የጠየቀው የለም። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ ጠርዙን የምትዘመዝመውና ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ ናት። ሜትር ያየውን ይናገራል እያለ ስምንት ዓመት ሲኖር፣ ያንን ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሠራ ሜትሩ ለእሷም እንደሚናገር አንድ ቀን አላሰበም። የመጀመሪያውን ዓመትና ሁለተኛውን ምናልባት ሌላ ነገር መስሏት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ግን ቆጥራቸዋለች።

በእህትህ ጊዜ ተረከዟን የወጋ አልነበረም አለችው ነርሷ፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ አሁንም ይዛችኋት ብትመጡ ለድካሟና ለብርዱ የምንሰጣት አለ። ልጅቷን መልሳ አስታቀፈችው። ገበሩ ተፈታ፤ ሊጠቀልላት ሲሞክር እግሯን አወራጨች፤ በኃይል፣ ሆዱን መታችው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሚስቱ ናት። አንድ እግሯ ላይ ጫማ፣ አንዱ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ክር ያለበት መርፌ ደረቷ ላይ ተሰክቷል። እሱን አየችው፤ እቅፉን አየች፤ ትከሻዋ ወረደ። የት ወሰድካት አላለችም፤ ምን ልትሠራ መጣህም አላለችም።

«ዞራ አላየችኝም» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ሱቅ ስገባ ሁልጊዜ ዞራ ታየኛለች። ዛሬ ገባሁ፤ ዝም አለች። ሦስቴ ጠራኋት። ከዚያ ቀረብ ብዬ ሳይ…»

አልጨረሰችውም። ሰፊው የእህቱን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ አሁን አይደለም፣ ወይም አውቃለሁ፣ ከሁለቱ አንዱ ነው። አጠገቡ ተቀመጠችና የልጅቷን እግር ያዘች።

ኮሪደሩ ላይ የከበደ እርምጃ ተሰማ። አማትየው ብቅ አሉ። ሻሻቸው ወደ ጆሯቸው ተንሸራቷል፤ በእጃቸው የያዙት መሐረብ በጡጫቸው ውስጥ ረጥቧል። ሦስቱን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ፤ ሻሻቸውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን አነሱና ተዉት።

«በዚህ ሳልፍ ነው» አሉ።

ሕክምና ጣቢያው ከቤታቸው ሁለት ታክሲ ነው። ማንም አልተቃወማቸውም። ሚስቱ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠቻቸው፤ ተቀመጡ፤ መሐረቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። አራቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያዩ ጀመር። ልጅቷ ብቻ አላየችውም።

ነርሷ መዝገቡን ልትዘጋ ስትል በሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ፀጉር አስተካካዩ ነው። ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ማበጠሪያው ጆሮው ላይ እንደተሰካ፤ ክንዱ ላይ ከየትኛው ደንበኛ እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተለጥፏል። ያን ደንበኛ ግማሽ ተላጭቶ ወንበር ላይ እንደተወው ሁሉም ከሽርጡ ገመቱ። ሰላምታ አልሰጠም። ለማንኛቸው እንደሆነ ሳይለይ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ፣

«ምን ሆነች?» አለ። «ኪኒኑ አልተስማማትም?»

አማትየው መሐረባቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ሚስቱ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ከእናቷ ወደ ባሏ፤ ከባሏ ወደ ፀጉር አስተካካዩ። የትኛው ኪኒን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ነርሷ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በዓይኗ ቆጠረችና ተጨማሪ ወንበር ልታመጣ ወጣች።